አረንጓዴው የወሰን ድንጋይ

እኛ አገር ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ነው። ከእንጅባራ ወጥታችሁ ወደ ዘንገና ብትሄዱ ካቡ ጥቁር፣ ጉልቻው ጥቁር፣ ማረሻ የሚያወጣውም ጥቁር ነው። ስለዚህ እዚያ አገር ጥቁር ድንጋይ ወሰን አድርጎ የሚተክል ሰው የዋህ ነው። ጎረቤቱ በማለዳ ተነሥቶ ሁለት ክንድ ገፋ ቢያደርግበት ወይም ሌላ ቢተካበት በምን ያውቃል? አያቴ ብዙ ነገር ይባል ይሆናል እንጂ የዋህ አይባልም። በወጣትነቱ ለንግድ ቆላ ወርዶ ሲመለስ በበቅሎ ጭኖ አንድ አረንጓዴ ድንጋይ ይዞ መጣ። እንስራ ያህላል። በአንዱ ጎን ድንጋዩ፣ በሌላው ጎን ለማመዛዘኛ ጨው። በቅሎዋ ከዚያ በኋላ አያቴን ባየች ቁጥር ትራገጥ ነበር ይባላል፤ እኔ አልፈርድባትም።

የጎረቤታችን አባት ሩቅ አገር ለቅሶ የሄደ ዕለት፣ አያቴ ጥቁሩን የወሰን ድንጋይ ነቅሎ አረንጓዴውን ተከለ። ከጉልበት በላይ ቆፍሮ ቀበረው፤ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ሲተክለውም ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ጎረቤት ፈቀቅ አደረገው፤ አንድ ጥማድ የሚዞርባት ታህል። ይህን እኛ ቤት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከቤት የማይወጣ ነገር ነበር። ይኸው አወጣሁት፤ ምን ታደርጉኛላችሁ?

የመጀመሪያው ጂኦሎጂስት የመጣው እኔ ሳልወለድ ነው። አባቴ እንደሚለው ነጭ ነበር፤ ጺሙ ቀይ፣ ላቡም አያልቅም። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ድንጋይ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ ውሎ እኛ ማሳ ጠርዝ ላይ ሲደርስ እንደ ተነደፈ ሰው ጮኸ። አረንጓዴው ለካ የመዳብ ዝገት ኖሯል። ከጫፉ ትንሽ ሰብሮ በከረጢት ከተተና አያቴን «ይህ ድንጋይ ከመቼ ጀምሮ እዚህ አለ?» ብሎ በአስተርጓሚ አስጠየቀው። የጎረቤታችን አባት ከማዶ መጥረቢያውን ተደግፎ ይሰማል። አያቴ ምን ይበል? «ከአባቶቼ ጀምሮ» አለ። ነጩም ጻፈው።

ሁለተኛዎቹ የመጡት እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሦስት ሆነው በፒክአፕ መጡ፤ የነጩን ጽሑፍ ይዘዋል። ጽሑፉ ድንጋዩ እዚህ አለ ይላል፣ ድንጋዩም እዚህ አለ፤ ሌላ ምን ይጠይቃሉ? እነሱም ሰብረው ወሰዱ። ላቦራቶሪ ሲመረመር መዳብ አለው፣ ወርቅ አለው፣ ብርም አለው ተባለ። ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ደረሰ። ባሏ ከሞተ ዐሥር ዓመት የሆናት አክስቴ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተላከባት። ሰው አባቴን ገበያ ላይ ሲያገኘው «እንዴት ነው ወርቁ?» ይለዋል፤ አባቴ የተሸከመው ጎመን ነው።

በመጡ ቁጥር ስለሚሰብሩት ድንጋዩ እያነሰ ሄደ። አባቴ ወሰኑ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ዙሪያውን አፈር እየጠረገ ድንጋዩን ወደ ላይ ማጋለጥ ጀመረ። የሚመጡትም ይህን አይተው «ወደ ታች ይቀጥላል» ብለው ይጽፋሉ።

ወርቅ አለ ከተባለ በኋላ ጎረቤታችን ዝም አላለም። አባቱ የተቃጠለበትን ነገር እሱ አነሣው፤ «ድንጋዩ መጤ ነው፣ መሬቴን ይመልስ» ብሎ ከሰሰ። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበና አባቴ ማል ተባለ። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ «ይህ ድንጋይ ከአባቶቼ ጀምሮ ካለበት አልተነቃነቀም» ብሎ ማለ። መሬቷ ተፈረደችለት። የዚያን ዕለት ቤት ሲመለስ ምሳ አቀረብንለት፤ አልበላም። አባቴ የሰው ጠብ የሚያበርድ፣ ሰርግም ለቅሶም ላይ ከሽማግሌዎች መካከል የሚቀመጥ ሰው ነው። የድንጋዩ ነገር ቢወጣ መሬቷ ብቻ አይደለችም የምትሄደው፤ በሐሰት የማለ ተብሎ ከዚያ መቀመጫ ይነሣል፤ ዳግም ማንም ና አስታርቀን አይለውም። ይህን እያወቅሁ ነው ያደግሁት።

ጎረቤታችንና አባቴ ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰላምታ አልተለዋወጡም። እኔ ግን ልጅ ሆኜ በሁለቱም ደጅ ስሮጥ ነው የኖርኩት። የእሱ ሚስት ቆሎ ትሰጠኝ ነበር። እሱን «አያ» ነው የምለው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛው በቅርብ ዓመታት መጣ። እኔ እንጅባራ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። አለቃዬ ጠርቶ «አንቺ የዚያ አገር ልጅ ነሽ፣ አዊኛም ትችያለሽ፤ ማዕድን ፈላጊዎች መጥተዋልና አስተርጓሚ ሁኛቸው» አለኝ። ወዴት እንደሆነ ስጠይቅ የነገረኝ የአባቴን ማሳ ነው። ወይ ጉድ! ሳቄ መጣ።

ጂኦሎጂስቱ ወጣት ነው፤ ትሑት፣ ቀጭን፣ ለሁሉም «ይቅርታ» የሚል። መጀመሪያ በኃላፊነት የተሰጠው ሥራ ይህ መሆኑን በሚኒባስ ስንሄድ ነገረኝ። የነጩንና የሦስቱን ሪፖርት በቃሉ ይዞታል።

«ይህን ጥቁር ድንጋይ እንደ ጋቢ ቁጠሪው እህቴ» አለኝ፣ «ድሮ እሳተ ገሞራ ያለበሰው ጋቢ። ከሥሩ አሮጌው ድንጋይ ተኝቷል፤ መዳቡም ወርቁም ብሩም እዚያ ውስጥ ነው። በእናንተ ማሳ ጠርዝ ላይ ጋቢው ተቀዷል፤ አሮጌው ድንጋይ በቀዳዳው ብቅ ብሏል።»

ቀዳዳዋን ማን እንደቀደዳት አውቃለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። እውነቴን ነው፣ ተንበረከከ። ድንጋዩ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ሰንበሮች በኮምፓስ ለካና ማዕድኑ በየት በኩል እንደሚሄድ በክር ዘረጋልኝ። ማዕድኑ የሚሄደው አያቴ ድንጋዩን ሲተክል ባዞረበት በኩል ነው። ትንሽ አዙሮት ቢሆን ኖሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄድ ነበር፤ አሁን ግን በቀጥታ ወደ ጎረቤታችን ቤት ይሄዳል።

ልጁ ሞኝ አልነበረም፤ ዙሪያውን ቆፍሬ ሥሩን ልየው ብሎ ጠይቋል። ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «ወሰን የነካ ርጉም ይሁን!» አሉ። ከሁሉም በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን ያለው አባቴ ነው። እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ልጁ ይህ ሲከለከል «እንግዲያው የአዋሳኙን ሰው ቃል ልስማ» አለና ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄድን። አባቴ አልነበረም፤ እኛ ሦስታችን ብቻ ነን። ጎረቤታችን አማርኛ ከእኔ እኩል ይችላል። የመሬት ነገር ከሆነ ግን በአዊኛ ካልሆነ አይናገርም፤ መሬቷ የምታውቀው አዊኛ ነው ይላል። በሩ ላይ ቆሞ ረጋ ብሎ ተናገረ፦

«ይህ ድንጋይ የዚህ አገር አይደለም። የዚህች ልጅ አያት፣ አባቴ ለቅሶ በሄደበት፣ ከቆላ በበቅሎ አምጥቶ ተከለው። አባቴ በዚሁ ነገር ሲቃጠል ኖሮ ሞተ። በከንቱ አትልፋ በይው።»

ወደ ጂኦሎጂስቱ ዞርኩና «ከአባቶቻቸው ጀምሮ እዚሁ የነበረ ነው ይላሉ» አልኩ።

ጎረቤታችን አማርኛ እንደሚችል ረሳሁ ብል ውሸት ነው። አፌ ቀደመኝ። የታየኝ አባቴ ከሽማግሌዎች መሐል ሲነሣ ነው።

«ብዙ ተናገሩ እኮ» አለ ልጁ።

«የአባቶቻቸውን ስም እየቆጠሩ ነው» አልኩት። ውሸት አንዴ ከተጀመረ መች ያንሳል!

ጎረቤታችን አየኝ። አልተቆጣም። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ ጥርት ባለ አማርኛ «ግቡ እንጂ፣ ጠላ ቅመሱ» አለው። በቁሜ ሞትኩ። ልጁ ደስ ብሎት ገብቶ ጠላውን ጠጣ፤ እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ ሳልቀምስ ተቀመጥኩ።

የመቆፈሪያው ማሽን መጣ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መሐል ላይ ተቀርቅሮ በፈረሶች አስጎተቱት። ከድንጋዩ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ መቆፈር ጀመረ። ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ። ቄሱ መጥተው በሚካኤል አይቆፈርም አሉ፤ ከዚያ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔ ዓለም። ሠራተኞቹ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ያሰቡት ሥራና የእኛ አገር በዓል ሊገናኝ አልቻለም፤ የሚቆፍሩት ቅዱሳኑ በፈቀዱላቸው ቀን ብቻ ሆነ።

ከእንጅባራ ሰው በባጃጅ እየመጣ ድንጋዩን እየዳሰሰ ፎቶ መነሣት ሲያበዛ፣ በዙሪያው አጥር ታጠረና ዘበኛ ይቀጠር ተባለ። አካባቢው አንድ ሰው ይምረጥ ሲባል ሁለት ሰው ተመረጠ፤ አባቴና ጎረቤታችን። በየተራ ነው። አባቴ ተረኛ ሲሆን ድንጋዩን የሚጠብቀው ከጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤታችን ተረኛ ሲሆን ከአባቴ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተረኛ ባልሆኑበትም ቀን ከአጥሩ ውጭ እየመጡ ይቀመጣሉ፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ቃል ሳይለዋወጡ። ማዕድን ፈላጊው ድርጅት ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የትም አያገኝም።

ከጉድጓዱ ድንጋዩ እንደ ሸንኮራ አገዳ ድብልብል ሆኖ ይወጣል፤ በሳጥን በተራ ይደረድሩታል። የመጀመሪያው ሳጥን ጥቁር ነው። ሁለተኛው ጥቁር። ከዚያ ትንሽ ቀይ አፈር ታየችና ልጁ ዘለለ፤ ከእሷ ሥር ደግሞ ጥቁር። ጠዋት ጠዋት «ዛሬስ?» እለዋለሁ፤ «ጋቢው ወፍራም ነው» ይለኛል። እየቀጠነ ሄደ። ስልክ ሲደወልለት ኔትወርክ የለም እያለ ያጠፋዋል፤ ኔትወርክ እኮ አለ። ለእሱም አዘንኩ። ግን አንድ ቃል ብናገር አባቴ ነው የሚወድቀው፤ ደግሞ አሁን የራሴም ውሸት አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አንድ ቀን ልጁ ካርታውን ዘርግቶ «ጉድጓዱ ስቶ ነው» አለ። «መስመሩ ላይ ነው መቆፈር የነበረብን። ማዕድኑ ያለው በዚህ በኩል ነው።» ጣቱን ያሳረፈው ጎረቤታችን ቤት ላይ ነው።

የቀበሌ ሰዎች ሜትር ይዘው መጡ። ሚስቱ አልወጣም ብላ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ እሷን እየዞሩ ለኩ። ግድግዳውን ለኩ፣ ጓሮውን ለኩ፣ ሽንት ቤቱንም ለኩ። እንዲያስረዳ የታዘዘው ማን ነው? እኔ። «አያ፣ ቤቱ ይነሣል፣ ሌላ ቦታ ይሰጣችኋል ይላሉ» አልኩት። አሁንስ ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ «እሺ» አለኝ። እሺ ብቻ። ከዚያ የሚስቱን ትከሻ ይዞ አስነሣት። እኔ ከደጃቸው ወጥቼ ካቡ ሥር ቆሜ አለቀስኩ፤ ግን ሄጄ እውነቱን አልተናገርኩም። ይህችን መጻፍ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

ለአባቴ ነገርኩት። ማረሻ እየጠገነ ነበር። ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር፤ ሃያ ዓመት የተጣላው ሰው ቤት ሊፈርስ ነው።

«የማንን ቤት?» አለ።

ነገርኩት።

«የማንን ቤት ነው ያልሽኝ?» አለ ደግሞ። ሦስተኛ አልጠየቀም። ማረሻውን አስቀምጦ ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጂኦሎጂስቱ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ማሳው ዳር ተሰበሰበ። ልጁ ካርታውን በሁለት ሰው አስይዞ ሊጀምር ሲል አባቴ ተነሣ። መቋሚያውን መሬት ላይ አስቀመጠና በአዊኛ ተናገረ። ልጁ እኔን አየ። በዚህ ጊዜ ቃል ሳላጓድል ተረጎምኩ፦

«ድንጋዩን አባቴ ከቆላ በበቅሎ አመጣው። ከቦታው ገፋ አድርጎ ተከለው። እኔ ይህን እያወቅሁ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ማልኩ። የዚህን ሰው መሬት በላሁበት። ቤቱን ግን አልበላበትም።»

አንዲት ሴት «እግዚኦ» አለች። አባቴ አልተቀመጠም፤ ከእንግዲህ የት እንደሚቀመጥ አላወቀም መሰለኝ።

ልጁ ካርታውን ከሰዎቹ እጅ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ጠቀለለው። ፊቱ አመድ መስሏል። ከዚያ ግን ጂኦሎጂስት ነውና ዓይኑ ብልጭ አለ። «ከቆላ የት አካባቢ?» አለ።

ተረጎምኩለት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «አላውቅም። አባቴ ለእናቴም አልነገራት። ጎረቤቶች ቦታውን ካወቁ ሄደው መንታውን አምጥተው በየማሳው ይተክሉታል ብሎ ፈራ።»

ኧረ በሕግ አምላክ! ወርቁም መዳቡም ብሩም ለካ እውነት ነው፤ ቆላ አንድ ቦታ ቁጭ ብሏል። ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም አንድ ጥማድ ለሚዞርባት መሬት ብሎ ምስጢሩን ይዞ መቃብር ገባ። ልጁ መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲለው አየሁት። ቀና ብሎ ጎረቤታችንን ፈለገው። በአስተርጓሚ አልጠየቀም፤ ጠላ የጋበዘው ቀን አማርኛውን ሰምቷልና።

«አባባ፣ እርስዎስ? ደጅዎ ድረስ መጥቼ ስጠይቅዎት ከአባቶቻችን ጀምሮ እዚሁ ነው ብለውኝ አልነበረም?»

አባቴ እንደ ተመታ ሰው ዞረ። ሽማግሌዎቹ ዞሩ። የጎረቤታችን ሃያ ዓመት ክርክር እዚህች ላይ ደርሷል፤ ባላንጣው በሰው ፊት አምኖለታል፤ አሁን «እኔስ እውነቱን ነግሬህ ነበር፣ የገለበጠችው እሷ ናት» ቢል በቃ፣ አለቀ። እኔም እዚያው አልቄያለሁ።

ጎረቤታችን ጋቢውን አስተካከለ። እኔን አላየኝም።

«ብያለሁ» አለ በአማርኛ።

«ምን?» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋዩ መጤ ነው እያልክ ለሽምግልና ስታስቀምጠን የኖርከው ምን ሆነህ ነው?»

«ያው እርጅና ነው» አለ። «አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ፣ አንዳንዴ እንዲያ።»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ግን ራሳቸውን ያዙ። የማለው በሐሰት ነው የማልኩት ይላል፤ የከሰሰው ለእንግዳ ሰው ድንጋዩ የጥንት ነው ብያለሁ ብሎ የገዛ ክሱን አፍርሷል፤ ለማን ይፍረዱ? ነገሩ ይደር ብለው ተነሡ። እስካሁን እንዳደረ ነው። ቤቱ አልፈረሰም፤ ማሽኑ በሳምንቱ በፈረስ እየተጎተተ ወጣ፤ ልጁም ሲሰናበተኝ ቆላ ለመውረድ እንደሚጠይቅ ነገረኝ፤ አልሰማሁትም ማለት ይቻላል።

አባቴ አልሳቀም ነበር። ሃያ ዓመት የተከራከረውን ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ያ ሰው ቃሉን አንድም ቀን ለውጦ አያውቅም። ከስብሰባው ስንመለስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ደጃችን ስንደርስ ሳይዞር «ነገ ሄደሽ እግሩ ላይ ትወድቂያለሽ» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

በማግስቱ ሥራዬን ትቼ፣ የቢሮ ጫማዬን እንዳደረግሁ ሄድኩ። ጎረቤታችን ጓሮው ውስጥ ድንች እየኮተኮተ ነው። አጥሩን ዞሬ መግባት ረዘመብኝ፤ በመደቡ መሐል አቋርጬ ሄጄ እግሩ ላይ ተደፋሁ።

«አያ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ውሸታም ያደረግሁዎት እኔ ነኝ። ለምን ዝም አሉ? ቤትዎ ሊፈርስ ምን ቀርቶት ነበር? መሬትዎም እኮ በእጅዎ ገብታ ነበር!»

ዶማውን ተደገፈ።

«በእኔ ደጅ ያደግሽ ልጅ ነሽ» አለ። «በእንግዳ ፊት ውሸታም ትባዪ? አሁን ተነሺ፤ ድንቹን ጨፈለቅሽው።»